ልጃችን ምን ይማር? በምንስ እናስተምረው?

በቤታችሁ የ12ኛ ክፍል ፈተና የተፈተነ ልጅ ኖሯችሁ የሚያውቅ ከሆነ፣ ውጤት የሚወጣበት ሌሊት ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አያስፈልገኝም። ለእኛ ቤት ያ ሌሊት በጥር 2015 ዓ.ም. ነበር። ከጉና የሚወርደው ብርድ ደብረ ታቦርን ያንቀጠቅጣታል። እኔና ባለቤቴ ከሰሉን ከብበን ተቀምጠናል። የበኩር ልጃችን ስልኩን ይዞ ጓዳ ገብቷል። ቆየ። ኔትወርኩ ይሆናል ብለን ዝም አልን። ሲወጣ ፊቱን አየሁት፤ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ልጄ ብቻውን አልነበረም። በዚያ ዙር በመላው አገሪቱ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ነገር ግን በዚያ ሌሊት ይህ ቁጥር እናትን ምን ያጽናናታል? ደግሞም የእኛ ነገር በአንድ በኩል ከሌላው ይከብድ ነበር። ልጁ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ ሐኪም እንደሚሆን በጉባኤ ፊት ተጸልዮለት ነበር፤ እኛም ከልባችን አሜን ብለናል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ስሙ ተረስቶ "ዶክተር" ተብሎ ይጠራ ነበር። ውጤቱ ከወጣ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ወደ መዘምራን ልምምድ አልሄደም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ "እማዬ፣ ዶክተር ብለው እንዳይጠሩኝ ነው" አለኝ።

ይህን የምጽፍላችሁ ግን ስለ ልጄ ውጤት አይደለም። ውጤቱ ከወጣ በኋላ እኛ ወላጆቹ ስለ ሠራነው ስሕተት ነው። ባለቤቴ መጋቢ ነው፤ እኔም ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተመርቄአለሁ። ስለ ትዳርና ስለ ልጅ አስተዳደግ ለሌሎች አስተምረናል። በራሳችን ቤት ግን አብረው ሊጠየቁ የሚገባቸውን ሁለት ጥያቄዎች ነጣጠልናቸው። አንደኛው "ልጁ ምን ይማር?" የሚለው ነው። ሁለተኛው "በምን እናስተምረው?" የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ያለ ልጁ መለስነው። ሁለተኛውን ደግሞ እኔ ያለ ባለቤቴ መለስኩት።

ያለ ልጁና ያለ ባሌ የተሰጠ መልስ

ከግማሽ በታች ላመጡት መንግሥት የሪሚዲያል ትምህርት ከፍቶ ነበር፤ የልጃችን ነጥብ ግን ለዚያም አልበቃም። እኛም "ሐኪም መሆን ባይችል ወደ ሐኪም የሚቀርብ ነገር ይማር" አልን። በሌላ ከተማ የሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ በደረጃ የሚሰጥ የላቦራቶሪ ሥልጠና እንዳለው ሰማን። ልጁን ጠራነውና ነገርነው። "እሺ" አለ። እኛም "እሺ" ማለቱን እንደ ፈቃድ ቆጠርነው። ወላጆች ሆይ፣ ያፈረ ልጅ "እሺ" ሲል ወደደ ማለት አይደለም። ጉዳዩ እንዲያልቅለት ፈልጎ ሊሆን ይችላል።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? የመጋቢ ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ አልነግረውም። እኔ ከገበያ ሴቶች ጋር የምጥለው እቁብ ነበረኝ። 24,000 ብር ደረሰኝ። ብሩ የታሰበው ለሚያፈሰው ጣሪያችን ቆርቆሮ ነበር። ለባለቤቴ ግን "እህቴ ላከችልን" አልኩት። ዋሸሁት። ይህን ስጽፍ አሁንም እጄ ይከብደኛል።

ክረምቱ ሲገባ እውነቱ ወጣ። ኮሌጁ ፈቃድ አለው፤ ልጄ በተመዘገበበት ሙያ በዚያ ከተማ ለማሠልጠን ግን ፈቃድ አልነበረውም። ከመክፈላችን በፊት ከእኛ መካከል "እስቲ ፈቃዱን አሳዩን" ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ገንዘቡ አልተመለሰም። ልጃችን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን ግጭት ተነሥቶ መንገድ ከመዘጋቱ ጥቂት ቀን አስቀድሞ አንድ ሻንጣ ይዞ ተመለሰ።

እቁብ የበላ ሰው መጣሉን አያቆምም። አንድ ቅዳሜ የሳምንቱን ሳልጥል ቀረሁ፤ የእቁቡ ዳኛ እስከ ቤታችን መጡ። በሩን የከፈተላቸው ባለቤቴ ነበር።

ባለቤቴ አልጮኸብኝም። በማግሥቱ እሑድ ግን ለሽማግሌዎቹ "ዛሬ ሌላ ሰው ይስበክ" ብሎ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ "ለምን ዋሸሽኝ?" አለኝ። "አይሆንም እንዳትለኝ ፈርቼ ነው" አልኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ "እኔስ ልጁን ለምን ላክሁት? ሰው ምን ይለናል ብዬ አይደለም እንዴ?" አለ። አለቀስን፤ አብረን ጸለይን። በማግሥቱ ልጁን አስቀምጠን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን መማር እንደሚፈልግ ጠየቅነው።

ምኞት ወይስ ጥሪ?

መልሱ ለዓመታት ዓይናችን ሥር ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር የቤተ ክርስቲያኑን ጄኔሬተር የሚያስነሣው እርሱ ነው። ማይክራፎን ሲንጫጫ ሁሉም ወደ እርሱ ያያል። የጎረቤቶቻችንን የተቃጠለ ምጣድ፣ የተበላሸ ዲቫይደር ሲሠራ ያመሻል። እኛ ግን "ተው ጥናትህን አጥና" እያልን ከእጁ እንቀማው ነበር። ያን ቀን፣ "የኤሌክትሪክ ሥራ መማር ነው የምፈልገው፤ ግን ለሐኪም ተጸልዮ እንዴት ብዬ ልናገር?" አለን።

የተጸለየለትን ጸሎት አላቃልልም። ነገር ግን ራሳችንን እንመርምር። የልጁን ልብ ሳንጠይቅ፣ ስጦታውን ሳናይ፣ የራሳችንን ምኞት "የጌታ ጥሪ" ብለን ሰይመነው ነበር። ከልጁ ውጤት ጋር እምነቱም ሊወድቅ የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው። ፈተናውን በመውደቁ ጌታን ያሳዘነ መስሎት ነበር። እንዲህ ያለ ሸክም በልጅ ላይ መጫን ትልቅ ነገር ነው።

በዘጸአት 31 ላይ ስለ ባስልኤል የተጻፈውን ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ በቤቴ ግን አላነበብኩትም ማለት ይቻላል። እግዚአብሔር ያንን ሰው በመንፈሱ የሞላው ወርቅ፣ ናስ፣ ድንጋይና እንጨት እንዲሠራ ነው። የእጅ ጥበብ የመንፈስ ሥራ ተብሎ ተጽፏል። ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ ነበር (ሐዋ. 18፥3)። ጌታችን ራሱ ጠራቢ ተብሎ ተጠርቷል (ማር. 6፥3)። ታዲያ እኛ "ልጄ ቴክኒክና ሙያ ገባ" ለማለት ለምን አንገታችንን እንደፋለን?

የጋፋት ባለሙያዎች

ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ብትሄዱ ጋፋትን ታገኛላችሁ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስቀለጡበት ቦታ ነው። እዚያ ይሠሩ የነበሩት አውሮፓውያን ማን እንደነበሩ ታውቃላችሁ? ብዙዎቹ ወንጌላውያን ሚስዮናውያን ነበሩ። የመጡት በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪስኮና ተቋም ነው። ያ ተቋም ወጣቶችን የሚያዘጋጀው ቃሉን ከእጅ ሙያ ጋር በማስተማር ነበር። ከእነርሱ መካከል ዋልድማየር፣ ዛልሙለርና ቤንደር ይገኙባቸዋል።

ንጉሡ የፈለጉት እጃቸውን ነበር። መድፍ የማቅለጥ ሙያ የላቸውም ነበር፤ ግን ተገደዱ። መጀመሪያ ሞክረው ከሸፈባቸው፣ እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ፤ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ ተጎተተ። ዛሬም እዚያው ነው። ወንጌል ለማገልገል የመጡ ሰዎች መሣሪያ መሥራታቸው ራሱን የቻለ ሌላ ትምህርት አለው፤ ሙያ ያለው ሰው ሙያው ለማን እንደሚያገለግል መጠየቅ እንዳለበት ያሳየናል። እኔ ግን በልጄ ጉዳይ ስጨነቅ ወደ ጋፋት ወጥቼ ያሰብኩት ሌላ ነገር ነው። በዚህ አካባቢ የወንጌላውያን ታሪክ ሲነሣ የሚታወሱት ሰዎች ብረት የሚያቀልጡና መንገድ የሚጠርጉ ባለ እጆች ነበሩ። እኛ የእነርሱን ወንጌል ወድደን እጃቸውን ናቅን።

መናቁ ደግሞ ከአገራችን ሥር የሰደደ ነው። ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ፋቂ እየተባለ ባለሙያ በሥራው ሲሰደብ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። በአማኞች ቤት እንኳ ስድቡ ቀረ እንጂ ንቀቱ አልወጣልንም።

መስክ በአንድ ቀን አይመረጥም

ልጆቻችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ወደ ሙያ ቢሄዱ፣ የትምህርት መስክ በአንድ ሌሊት የሚመረጥ እንዳይመስላችሁ። በሮቹ ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱም በጊዜው ይከፈታል።

የመጀመሪያው በር 11ኛ ክፍል ሲገቡ ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ የማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው ምርጫ እዚያ ይደረጋል። ብዙ ወላጆች "ጎበዝ ከሆነ ተፈጥሮ ይግባ" ይላሉ። ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ አስታውሱ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት መንግሥት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 70 በመቶውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ወደ ማኅበራዊ መስክ ይመድብ ነበር። "ሰባ ሠላሳ" ስንል የነበረው ማለት ነው። በዚያ ዘመን ምህንድስና ተመድበው፣ ሳይወድዱት ተመርቀው፣ ዛሬ ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶችን በየአጥቢያችን እናውቃለን። ሰው በኮታ ይመደብ ይሆናል፤ ስጦታ ግን በኮታ አይታደልም።

ሁለተኛው በር ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ልጆቻችን ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ይፈተናሉ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። እየተሻሻለ ነው፤ ቢሆንም ከ100 ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት በዚህ በር አያልፉም ማለት ነው። ስለዚህ "ካላለፈስ?" የሚለውን ጥያቄ ከፈተናው በፊት መነጋገር እምነት ማጣት አይደለም። እኛ ይህን ጥያቄ ማንሣት ሟርት መስሎን ዝም አልን፤ በኋላ ድስት ጥደን አለቀስን።

ሦስተኛው በር ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢዎች መጀመሪያ የጋራ ትምህርት ይወስዳሉ፤ ወደ ትምህርት ክፍል የሚገቡት ከዚያ በኋላ በፍላጎታቸውና በውጤታቸው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ዓመት የመዝናኛ ዓመት አይደለም። ልጃችሁን ስትሸኙ ይህን ንገሩት። የሚወድደውን ክፍል የሚያገኘው በዚያ ዓመት በሚያመጣው ነጥብ ነው።

ታዲያ ስጦታን እንዴት እንለየው? እኛ አሁን ለሴት ልጃችን የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ማንም ሳያዝዛት የምትሠራው ምንድን ነው? የትኛውን ትምህርት ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለራሷ ታነብባለች? ሰዎች እርዳታ ሲፈልጉ ለምን ለምን ጉዳይ ወደ እርሷ ይመጣሉ? የምትመኘውን ሥራ ከሚሠራ ሰው ጋር አንድ ቀን ውላ ታውቃለች? ነርስ መሆን የምትፈልግ ልጅ ነጩን ጋውን ብቻ ሳይሆን የሌሊት ተራውንም ልታየው ይገባል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ ይህ አገር ምን ይፈልጋል? ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ አፈራችንን ጠርገው ወደ ጣና ይወስዱታል። በጉና ሥር ያለው ገበሬ በድንችና በገብስ ይኖራል። ወደ ወረታ ስትወርዱ የፎገራ ሜዳ ሩዝ ያበቅላል፤ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያ ተሠርቷል። የፋርጣ በግ በስሙ የሚታወቅ ዝርያ ነው። ሆኖም "ልጄ ግብርና ይማር" ብሎ የሚጸልይ ወላጅ እስካሁን አልገጠመኝም። ሴት ልጃችን ግን አያቷ ቤት ስትሄድ የድንቹ ቅጠል ለምን እንደሚጠቁር ትጠይቃለች። ይህን ጥያቄ ከእንግዲህ ከእጇ አንቀማትም።

ያለ ዋጋ የሚገኝ ትምህርት የለም

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ጌታ ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው ሲናገር አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ ነግሮናል (ሉቃ. 14፥28-30)። ተቀምጦ ማስላት መንፈሳዊ ሥራ ነው።

ብዙ ቤተሰብ "መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከገባ ተገላገልን፤ ነጻ ነው" ይላል። ነጻ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ሥርዓት አለ። ሲጀመር ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ተደንግጓል። ገንዘቡን ሲገባ አይከፍልም፤ ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው ይከፍላል። መምህር የሚሆኑት በአገልግሎታቸው የሚወጡበት መንገድ ነበረው። ልጃችሁ የሚፈርመውን ውል አንብቡት፤ አንድ ቅጂም ቤት አስቀምጡ። ዕዳው ሳይዘጋ ኦሪጅናሉ ዲግሪ ተይዞበት በቴምፖራሪ ሥራ የሚፈልግ ተመራቂ ጥቂት አይደለም።

ከዚያ ሌላ ቤተሰብ የሚከፍለው አለ። ልጁ ሩቅ ከተመደበ የመሄጃና የመመለሻ ትራንስፖርት፣ ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ ፎቶ ኮፒ፣ የስልክ ካርድ፣ የግቢው ምግብ አልስማማ ብሎት "ነን ካፌ" ከሆነም ምግቡ። እነዚህ ሲደመሩ የገበሬን ቤት ያናጋሉ። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እያስተማረ ነው፤ ባሕር ዳርና ጎንደርም ሩቅ አይደሉም። ምርጫ ሲሞላ "የቱ ስም አለው?" ከሚለው ጋር "የቱ ጋ ልናግዘው እንችላለን?" የሚለው ይጠየቅ።

የግል ተቋም ከመረጣችሁ እኛ ያላደረግነውን አድርጉ። ዲግሪ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ በደረጃ የሚሰጥ ሙያ ከሆነ የክልሉ የሥራና ሥልጠና ቢሮ የሰጠውን ፈቃድ ጠይቁ። ፈቃዱ ለኮሌጁ ብቻ ሳይሆን ለዚያ ሙያና ለዚያ ካምፓስ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ከኮሌጁ ወረቀት ባሻገር ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና 50 በመቶ ማምጣት አለበት። በመጀመሪያው ዙር የግል ተቋማት ተማሪዎች ውጤት ከመንግሥቶቹ እጅግ ያነሰ ነበር። ስለዚህ "ከተማሪዎቻችሁ ስንቱ የመውጫ ፈተናውን አለፈ?" ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የሚያፍር ካለ እናንተ አይደላችሁም።

የሚያቆጠቁጠውን ሽጡ

በ2ኛ ነገሥት 4 ላይ ባሏ የሞተባት ሴት ዕዳ ጠያቂው ልጆቿን ሊወስድባት ሲመጣ ወደ ኤልሳዕ ጮኸች። ነቢዩም በቤቷ ምን እንዳለ ጠየቃት። እኛም ከዚያ እንጀምር። በቤታችን ምን አለ?

አንድ የገጠር አጥቢያ ሽማግሌ በዚህ ጉዳይ የሰጡን ምክር ከተማርኩት ሁሉ ይበልጥ ረድቶኛል። "እትዬ፣ ለትምህርት የሚያቆጠቁጠውን ነው መሸጥ፤ የማያቆጠቁጠውን አይነኩም" አሉኝ። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በግ ትወልዳለች። ድንችና ገብስ በዓመቱ ይመለሳል። ጥማድ በሬ ግን ከተሸጠ እርሻው ይቆማል። መሬት ለብዙ ዓመት ከተከራየ የታናናሾቹ ጉርሻ ይሄዳል። እርሳቸው የመጀመሪያ ልጃቸው ሰባተኛ ክፍል ሲገባ ለትምህርቱ ብለው ባሕር ዛፍ ተከሉ፤ ሁለት እንስት በግም በስሙ ለዩለት። ልጁ 12ኛ ክፍል ሲደርስ በሬዎቹ አልተነኩም።

የከተማ ሰው ባሕር ዛፍ ላይኖረው ይችላል፤ የሚያቆጠቁጥ ነገር ግን አያጣም። ወርኃዊ ቁጠባ፣ ዶሮ፣ ጉልት፣ ባልና ሚስት ተማክረው የሚጥሉት እቁብ ሁሉ እንደዚያ ነው። የማያቆጠቁጠው የከተማ በሬ ደግሞ የቤት ኪራይ፣ የታናሽ ልጅ የትምህርት ወጪና የአራጣ ብድር የሚበላው ነገ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ ለይሉኝታ ብላችሁ አትበደሩ።

አጥቢያዎችም የድርሻቸውን ማድረግ ይችላሉ። በእኛ አጥቢያ ተመርቀው ሥራ የያዙ ወጣቶች በየወሩ ጥቂት ያዋጣሉ። በዚያ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ብርድ ልብስ ይገዛል፤ የትራንስፖርት ወጪም ይሸፈናል። የኮሌጅ ክፍያ መክፈል አቅማችን አይደለም። ቢሆንም አንድ ልጅ በትራንስፖርት እጦት ትምህርቱን እንዳያቋርጥ ማድረግ ትንሽ ነገር አይደለም።

ባልና ሚስት በአንድ ደብተር

ዛሬ በቤታችን አንድ ደብተር አለ። በግራው ገጽ ልጃችን የምትወድደው፣ የምትችለውና የምታስበው ይጻፋል። በቀኙ ገጽ ያለን ገንዘብ፣ የምንቆጥበውና የሚያስፈልገው ወጪ ይጻፋል። አንዱን ገጽ ሳናይ ሌላውን አንሞላም። በየወሩ የመጨረሻ ዓርብ ሦስታችን ተቀምጠን እናየዋለን። እቁቤም እዚያ ላይ ተጽፏል፤ ባለቤቴ ለእኅቱ ልጅ የሚልከውም ተጽፏል። እርሱም ለካ ሳይነግረኝ ይልክ ነበር! እየሳቅን ጻፍነው፤ መጀመሪያ ግን ትንሽ ተኳርፈናል።

ይህን ስጽፍ ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ማለቴ አይደለም። በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ልጆች ዓመታት አልፈውባቸዋል። በየገጠሩ "ዕድሜዋ አለፈ" ተብለው የተዳሩ ሴት ልጆች አሉ። እባካችሁ፣ ልጅ በ20 ዓመቱ 11ኛ ክፍል ቢቀመጥ አያሳፍርም። የተቋረጠ ትምህርት ይቀጠላል፤ ያለ ዕድሜ የተዳረች ልጅ ግን ያጣችውን ዘመን መልሳ አታገኘውም።

ልጃችን በከተማችን ባለው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ተማረ። እየተቆራረጠም ቢሆን ቀጠለ፤ በ2017 ዓ.ም. የደረጃ 3 የብቃት ምዘናውን አለፈ። በትርፍ ጊዜው ሰዎች ቤት መብራት ይዘረጋል። ከመጀመሪያዎቹ ክፍያዎቹ ለእቁቤ ዳኛ የአንድ ሳምንቱን እርሱ ጣለልኝ። አሁንም "ዶክተር" ብለው የሚጠሩት አንዳንድ እናቶች አሉ፤ እርሱም አይቆጣም፣ እኔ ግን እስካሁን ይሰማኛል። ባለቤቴም ለሩቅ ዘመድ "ልጄ ኤሌክትሪሺያን ነው" ብሎ ቀና ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ባለፈው ፋሲካ ነው።

ጣሪያችን እስካሁን አልተቀየረም። ባለፈው ክረምት ሲያፈስ ባልዲ እያስቀመጥኩ ሳለሁ ልጄ መሰላሉን ይዞ ወጣ። ባለቤቴ ከታች መሰላሉን ያዘለት። እኔም ከታች ቆሜ ስለ ሁለቱም ጌታን አመሰገንኩ።

አብራችሁ ተነጋገሩ

ባልና ሚስት፣ በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ወስዳችሁ እነዚህን ተጠያየቁ። ስለ ልጃችን የምንመኘው የማንን ክብር ነው? የልጁን ስጦታ በሦስት ነገር መግለጽ እንችላለን? "ካላለፈስ?" የሚለውን ከእርሱ ጋር ተነጋግረናል? በቤታችን የሚያቆጠቁጥ ምን አለ? ከትዳር ጓደኛዬ የሸሸግሁት ዕዳ ወይም ቃል የገባሁለት ሰው አለ?

ከዚያም ልጁን ጥሩትና ጠይቁት፤ ቶሎ ባይመልስላችሁም ጠብቁት። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።